ፍየል የማይቀምሰው ወርቅ

ፎቶግራፉ የመጣው በጥር ወር ከደርባን ነው። ኮምቦልቻ አብረን የተማርን፣ ዛሬ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ጓደኛዬ በስልክ ላከልኝ። የአከራዩ ግቢ ነው። ሣሩ ታጭዷል። ከሣሩ መሀል፣ ከቤቱ ክፈፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቀጭን ዛፍ ቆሟል፤ ቅጠሉ ለስላሳ፣ አበባው እንደ ጉትቻ ቁልቁል የተንጠለጠለ፣ ደማቅ ቢጫ። ግንዱን በነጭ ድንጋይ ከበውታል። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አከራዬ ከችግኝ መሸጫ በገንዘቧ ገዝታ ያስተከለችው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ሲያብብ ግን ደነገጥኩ። ይሄ የሐረጎው ድግጣ አይደለም እንዴ?»

መልሱን በልቤ ባውቀውም በእጄ ሳልዳስሰው «አዎ» ማለት አልፈለግሁም። በእነሱ አገር ዛፉ የሚያብበው በበጋቸው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። እኔ የሐረጎውን ለማየት ክረምቱ እስኪወጣ፣ ጥቅምት እስኪገባ ጠበቅሁ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን ሰው ከአንድ አየር ወደ ሌላ አየር ይሻገራል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ጋቢ ታስደርባለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከቦርከና ዳር ተዘርግታ ያንኑ ጋቢ ታስወልቃለች። መሀሉ ሐረጎ ነው። ወሎዬ ሐረጎን የሚያውቀው በጉሙ፣ በጥምዝምዙ፣ ፍሬን በሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። ተሳፋሪ ዱዓ የሚያደርግበት ወይም የሚያማትብበት ቦታ ነው እንጂ አበባ የሚያይበት አይደለም። እኔም ስንት ዓመት ተመላልሼበት ዓይኔ ከገደሉ ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

በዚያን ቀን በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ዳገቱን ብቻ ሳይ ወረድኩ። ከላይ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው። ትንሽ ዝቅ ሲባል ቁጥቋጦው ይጀምራል፤ ክትክታ፣ አጋም፣ ቀጋ፣ እምቧጮ። ከዚያ በመሀላቸው ቢጫ ብልጭ ይላል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ ብልጭ ይላል። ከሦስተኛው ጥምዝ በኋላ መታገሥ አልቻልኩም።

«ወራጅ አለ!»

ረዳቱ ዞሮ አየኝ። «እዚህ? እዚህ ምን አለ?»

ዛፉ ከመንገዱ ጠርዝ አሥር ርምጃ ያህል ላይ ነበር። ቁመቱ ከእኔ አንድ ተኩል ቢሆን ነው። ቀንበጡን ስቤ ቅጠሉን ቆጠርኩ፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረው፣ ጫፉ ላይ አንዲት ብቻዋን የቀረች አለች። ይህች ብቸኛ ቅጠል ትልቅ ምልክት ናት። እርከን ላይ ለከብት መኖ የሚተከለውን ሰስባንያ የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ሲያይ ሁለቱን ሊያምታታቸው ይችላል፤ ሁለቱም ቢጫ ያብባሉ፣ የሁለቱም ቅጠል ደቃቅ ነው። ሰስባንያ ግን ጫፉ ላይ ብቸኛ ቅጠል የለውም፤ ፍሬውም እንደ ክር ቀጥኖ ይረዝማል። የድግጣ ፍሬ ጠፍጣፋ፣ ስስ፣ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ነው፤ በአንድ ጎኑ እንደ ልብስ ቅምቅማት ያለ ጠባብ ክንፍ አለው። አበባው የአተር ዘመድ መሆኑን አይደብቅም፤ የአተር አበባ ያየ ሰው ቅርጹን ወዲያው ይለየዋል። ልዩነቱ እዚህ አበቦቹ በአንድ ዘንግ ላይ በብዛት ተሰክተው ከስንዝር በላይ ቁልቁል መውረዳቸው ነው።

ከበላዬ ድንጋይ ሲንኮታኮት ሰማሁ። አንድ አባት ፍየሎቻቸውን እየነዱ ይወርዳሉ።

«እንደምን ዋሉ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ፤ እንደምን ዋልክ የኔ ልጅ።»

«ይሄን ዛፍ ምን ይሉታል?»

«ድግጣ ነዋ! አገርህ አይደለም እንዴ?»

«አገሬ ነው። ከአፍዎ ልስማው ብዬ ነው። ምን ይጠቅማል?»

በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ጥጃ ቅማል ሲወረው ቅጠሉ ተወቅጦ በጭማቂው ይታሻል። ለመዥገርም እንዲሁ። ለእከክ። ባቄላና በቆሎ ነቀዝ እንዳይበላው የደረቀ ቅጠሉ ከእህሉ መሀል ይጨመራል። ሲደርቅ ማገዶ ነው። «ለፍየል ግን አይሆንም። አትቀምሰውም። መራራ ነው» አሉና ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙ።

«አበባውስ?»

«አበባው ምን?»

«አበባው አያምርም?»

ዛፉን ቀና ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ፍየሎቹ እየራቁ ነበር። «ንብ ይወደዋል» አሉ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ተሰናብተውኝ ወረዱ።

ያ ዝምታቸው አብሮኝ ከረመ። ሰባ ዓመት ያህል አብረውት የኖሩት ዛፍ ነው። መድኃኒትነቱን ያውቃሉ፣ መራራነቱን ያውቃሉ፣ ንቡን ያውቃሉ። ውበቱን ግን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔንም የጠየቀኝ ከደርባን የመጣ ፎቶግራፍ ነው።

የደቡብ አፍሪካ የችግኝ ነጋዴዎች ይህን ዛፍ «የአገራችን ዛፍ» ብለው ነው የሚሸጡት። እውነታቸውን ነው። ከምሥራቅ ኬፕ ተነሥቶ በክዋዙሉ ናታል በኩል አድርጎ፣ በዚምባብዌ፣ በታንዛንያ፣ በኬንያ ተራሮች እየዘለለ ወደ ሰሜን ይመጣል። እነሱ ግቢያቸው ውስጥ የሚተክሉት ቶሎ ስለሚያድግ፣ ገና ለጋ ሳለ ስለሚያብብ፣ ቁመቱም ለትንሽ ግቢ ስለሚበቃ ነው። ሜዳ ላይ ሲሆን ከሁለት እስከ አራት ሜትር ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ብርሃን ፍለጋ ከዚያ በላይ ይመዘዛል። ነገር ግን የእነሱ ብቻ አይደለም። ዛፉ ኢትዮጵያንና ኤርትራን ሳይደርስ አይቆምም፤ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ንዑስ ዝርያ ደግሞ ሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ በደቡብ ሕንድ ይበቅላል።

የሳይንስ ስሙን ታሪክ ስፈትሽ ያገኘሁት ነገር ከሁሉ በላይ አስደሰተኝ። ካልፑርኒያ አውሪያ ይባላል። ሁለተኛው ቃል በላቲን «ወርቃማ» ማለት ነው፤ የወጣለትም እ.ኤ.አ. በ1789 ነው። ያን ጊዜ በለንደን አቅራቢያ ያለው የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ስፍራ ኃላፊ የነበረው ዊልያም አይተን የስፍራውን ዕፅዋት መዝግቦ ሲያሳትም «ሶፎራ አውሪያ» ብሎ አስገባው። ስሙ የተሰጠው ተክል እዚያው ኪው የበቀለ ነበር። ዘሩ ግን የሄደው ከኢትዮጵያ ነው። የመጀመሪያው ቃል፣ ካልፑርኒያ፣ የመጣው ደግሞ ከሌላው ጫፍ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኧርንስት ማየር እ.ኤ.አ. በ1836 የደቡብ አፍሪካን ዕፅዋት ሲያጠና ይህን ወገን ለብቻው ለይቶ ሰየመው። ቨርጂሊያ የሚባል፣ በሮማዊው ባለቅኔ በቨርጂል ስም የተጠራ ሌላ የኬፕ ዛፍ ነበርና፣ ይኸኛው ለእሱ ስለሚቀርብ የቨርጂልን ፈለግ በተከተለው በባለቅኔው በካልፑርኒዩስ ስም ጠራው። በዓመቱ ጆርጅ ቤንታም ሁለቱን ቃላት አጋጠማቸው።

ስለዚህ ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ የመጣ ስምና ከእኛ ደጋ የሄደ ዘር በአንድ ዛፍ ላይ ተገናኝተዋል። የጓደኛዬ አከራይ የገዛችው ዛፍ «ወርቃማ» የተባለው መጀመሪያ የእኛን አበባ አይተው ነው። ይህን ሳነብ ሐረጎ ላይ ያየሁት ቢጫ ዓይኔ ላይ መጣ። ከሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር መስተዋት ቤት አጠገብ ቆሞ «ወርቅ» ብሎ የጻፈ ሰው ነበር። እኛ ዘንድ የሚወራለት መራራነቱ ነው።

እንዲህ በረጅሙ ከኬፕ እስከ ወሎ የተዘረጋ ዛፍ እሱ ብቻ አይደለም። ወይራና ክትክታም እንዲሁ ናቸው፤ ደቡብ አፍሪካም አሉ፣ ሐረጎም አሉ። የዕፅዋት ሊቁ ፍራንክ ኋይት እ.ኤ.አ. በ1983 ዩኔስኮ ባሳተመለት የአፍሪካ ዕፅዋት ካርታና መጽሐፍ ላይ ይህን አስረድቷል። የአፍሪካ ተራሮች እንደ ደሴቶች ናቸው፤ በመሀላቸው ያለው ቆላ እንደ ባሕር ነው፤ በደሴቶቹ ላይ ግን አንድ ዓይነት ቤተሰብ ሰፍሯል። የደሴ ሰው በደቡብ አፍሪካ ድራከንስበርግ ተራሮች ላይ ቢወጣ ብዙውን ቁጥቋጦ ሰላም ይለዋል ማለት ነው። እኔ ከዚያ በፊት ደሴንና ደርባንን የሚያገናኝ ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዕውቀቱም ይመሳሰላል። ዙሉዎች ለዛፉ ካላቸው ስሞች አንዱ «ኡምኪፓምፔቱ» ሲሆን «ትል የሚያወጣ» እንደ ማለት ነው፤ ትል የገባበትን የከብት ቁስል ያክሙበታል። የሐረጎው አባት ጥጃ ሲያሹ፣ ቦረናዎች ጥጆቻቸውን ከቅማል ሲያጸዱ፣ ዙሉው ቁስል ሲያጥብ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ይህ ዕውቀት ወደ ላቦራቶሪም ገብቷል። በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከደቡብ ኢትዮጵያ የተወሰደ የድግጣ ቅጠል በመዥገር ላይ ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። ሽታው መዥገሩን ያባርራል ብለው ሲጠብቁ አላባረረውም፤ ይልቁንም በመጠኑ ሳበው። ጭማቂው በ10 እና በ20 በመቶ መጠን ሲነካው ግን መዥገሩ ወይ ሞተ ወይ መንቀሳቀስ ተሳነው። ነቀዝ ላይም እዚሁ አገራችን ውስጥ የተሞከረ ጥናት አለ። ኃይሉ የሚመጣው በቅጠሉና በዘሩ ውስጥ ካሉ አልካሎይድ የሚባሉ መራራ ንጥረ ነገሮች ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ፦ ድግጣ መርዝ ነው። በአፍ የሚወሰድ አይደለም። ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት፣ ለልጅ መስጠት፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ መድፈር ሰው ሊገድል ይችላል።

ይኸው መርዙ ነው እስከ ዛሬ ያቆየው። የወሎን ተራሮች ታሪክ ያለ ፍየል መጻፍ አይቻልም። የ66ቱና የ77ቱ ረሀብ ካለፈ በኋላ ገበሬው በእህል ክፍያ ስንትና ስንት ዳገት እርከን ሠርቷል፤ ስንትና ስንት ኮረብታ ከግጦሽና ከምሳር ተከልሏል። ደርግ ሲወድቅ ከተከለለውና ከተተከለው ብዙው ተቆረጠ። ከብት በተመለሰበት ዳገት ላይ ለምለሙ ሁሉ እየተበላ ሲያልቅ ድግጣ ቆሞ ይቀራል። የተጎዳ መሬት ላይ ቀድሞ ይበቅላል፤ በጥላው ሥር ሌላው ቀስ ብሎ ይነሣል። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው የየጎፍ ደን ዳርቻ ብትሄዱ፣ ጥዱና ወይራው ከሚጀምሩበት በታች፣ ጠርዙን ከመሰሎቹ ጋር ይዞ የሚጠብቀው ድግጣ ነው።

ስለ ወሎ መራቆት የሚባለው ነገር ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ ኮምቦልቻ ባለችበት በቃሉ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1986 የተነሡ የአየር ፎቶዎችን አስተያይተው ቁጥቋጦው መሳሳቱን፣ ባዶው መሬት መስፋቱን አሳይተዋል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ደግሞ አንድ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1937 ያነሣቸውን የወሎ ፎቶዎች ይዞ ከ60 ዓመት በኋላ ወደ ቦታዎቹ ተመለሰ፤ በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፍ ቀንሶ ሳይሆን በዝቶ አገኘ። የበዛው በአብዛኛው ገበሬው ራሱ በደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ሁለቱን ጥናቶች ሳነብ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ እኛ ወሎዬዎች ዛፍ መትከል የማንወድ ሰዎች አይደለንም። የምንተክለው ግን ከሩቅ የመጣውን ነው።

ደሴ ይህን ጥርት አድርጋ ታሳያለች። ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ተከትዬ የግቢ ዛፎችን እያየሁ ሄድኩ። ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ፣ ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፣ ቁንዶ በርበሬ ከደቡብ አሜሪካ፣ የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮ፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ። ሁሉም መልካም ዛፎች ናቸው፤ ብዙዎቻችን በጥላቸው ሥር አድገናል፤ አንዳቸውንም አልጠላም። ነገር ግን ከእነሱ መሀል ከሐረጎ የመጣ አንድ አጣሁ።

መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ ወጣት ዘንድ ቆምኩ። ጽጌረዳ፣ ግራቪሊያ፣ አቮካዶ፣ ጌሾ፣ ሁሉም በጥቁር ላስቲክ ተደርድረዋል።

«ድግጣ አለሽ እህቴ?»

ሳቀች። «ድግጣ? ተራራ ላይ ያለው? እሱን ደግሞ ማን ይገዛዋል ጋሼ?»

የደርባኑን ፎቶ ከፍቼ አሳየኋት። ስልኩን ከእጄ ወስዳ አሰፋችው፤ አበባውን ወደ ዓይኗ አቀረበች። «ይሄ እኮ ያምራል» አለች። «ፈረንጅ ነው አይደል?» ያገራችን እንደሆነ፣ ከተቀመጠችበት ቦታ በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ እንዳለ ስነግራት ፎቶውን ደግማ አየችው። «ዘሩን ካመጣህልኝ እኔ አፈላዋለሁ» አለችኝ።

ደሴም ኮምቦልቻም አሁን መንገዳቸውን እያሰፉ፣ ዳር ዳሩን እያስዋቡ ነው። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም ክረምት በመጣ ቁጥር የችግኝ ጉድጓድ ይቆፈራል። በዚህ ሁሉ ጉድጓድ መሀል ለድግጣ ጥቂቱ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ቁመቱ የመብራት ገመድ አይደርስም። የደሴን ብርድም የኮምቦልቻን ሙቀትም ለምዶ ያለ ነው። ከብት በሚያልፍበት ጎዳና ዙሪያውን በእሾህ ማጠር አያስፈልገውም። ንብ ይወደዋል ያሉት አባት ልክ ናቸው፤ ራይንሃርድ ፊችትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ ተመዝግቧል። የሕፃናት መጫወቻና መዋያ አጠገብ ግን አይተከል፤ ዘሩ ለአፍ አይሆንም።

መስከረም ላይ አገሩ ሁሉ ቢጫ ሲሆን ዘፈኑም ግጥሙም ለአደይ ነው። ይገባታል። አደይ ግን ከምድር ላይ ናት፤ ጥቅምት ሳያልቅ ትረግፋለች። ሐረጎ ላይ ቀና ብሎ ላየ ከእሷ በኋላም ቢጫው ከፍ ብሎ ይቀጥላል።

ፍሬው እስኪደርቅ ጠብቄ ሁለተኛ ወደ ሐረጎ ወጣሁ። የድግጣ ፍሬ እንደ ባቄላ ቆባ ደርቆ አይፈነዳም፤ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይንሿሿል። አንድ ኪስ ሙሉ ለቀምኩ። ግማሹን ለችግኝ ሻጯ ሰጠሁ። ግማሹን ኮምቦልቻ እናቴ ቤት ወሰድኩ፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ነውና ዘሩን በሙቅ ውሃ ነክሬ አሳደርኩት፤ ጠዋት ያበጠውን እየለየሁ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር፣ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ዘራሁት።

እናቴ ከደጃፉ ቆማ ስታየኝ ቆየች። «ድግጣ ነው የምትዘራው?»

«አዎ እማዬ።»

«ተራራው ሙሉ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ደጃችን ላይ ግን የለም።»

ምንም አላለችም። ግን እኔ ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ ውሃ የምታጠጣው እሷ ነበረች። ከዘራኋቸው አሥራ አራቱ በቀሉ። ክረምት ሲገባ ሦስቱን ከአጥሩ ሥር፣ ከጽጌረዳዋ ጎን ተከለቻቸው፤ የቀሩትን ለጎረቤት ሰጠች። በየሳምንቱ በስልክ ትነግረኝ ነበር፤ ስንት ጣት እንዳደጉ፣ ቅጠላቸው ማታ ማታ እንዴት እንደሚሰበሰብ።

ባለፈው ሐሙስ ስትደውል ድምጿ ተቆጥቶ ነበር። በሩ ክፍት አድሮ የጎረቤት ፍየሎች ጠዋት ግቢ ገብተዋል። ጽጌረዳዋን እስከ ግንዱ በልተዋታል። የጎመኑን መደብ ጨርሰውታል። የአቮካዶው ችግኝ ቅጠል አልቀረውም።

«ድግጣዎቹስ?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ሄዳ እያየች እንደሆነ በስልኩ ውስጥ ሰማሁ፤ ጫማዋ እርጥቡን አፈር ሲረግጥ።

«ቆመዋል» አለች። «አንዷ ላይ ደግሞ ጫፏ ላይ ቢጫ ነገር አለ።»